ለምዝገባው የመጣችው ሠራተኛ

የስፌት ቤታችን ሪያድ፣ ዐዚዚያ ሰፈር ውስጥ፣ የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጡ ሱቆች በላይ፣ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ የሳዑዲ መምህርት ናቸው። ተማሪዎቻቸው ይጠሯቸው እንደነበረው እኛም «አብላ» እንላቸዋለን፤ እዚህ አገር ሴት መምህር የምትጠራው እንደዚያ ነው። ዐረብኛ አንቱታ ባይኖረውም እኔ በልቤ አንቱ ስላቸው ነው የኖርኩት። ከፊሌ፣ አሠሪ ዋሴ ማለት ነው፣ እሳቸው ናቸው፤ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በእሳቸው ስም ነው የሚታደሰው።

የሴት ተማሪዎች ዩኒፎርምና ዐባያ እንሰፋለን፤ አንዳንዴ ለሠርግ አዳራሽ የወንበር ልብስ። ቆራጯም የሥራ ኃላፊዋም እኔ ነኝ። ከጎኔ ለዓመታት የተቀመጠችው ከደሴ አካባቢ የመጣች ሴት ናት። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ ጾማችን ባይገጥምም በሌላው ሁሉ እህትማማች ነን። ሌሎቹ ሰፊዎች ሥራ ሲበዛ የሚመጡ፣ ሲቀዘቅዝ የሚሄዱ ናቸው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብላ ስልካቸውን ይዘው ገቡና ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሙ።

«ለመንግሥት አቅራቢ ልንሆን ነው» አሉ።

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። «ምን እናቀርባለን?»

«ልብስ። ሆስፒታሎች የበሽተኛ ልብስ ይገዛሉ፣ አንሶላ ይገዛሉ፣ መጋረጃ ይገዛሉ። የሚገዙት ግን ተመዝግቦ፣ ተመርምሮ፣ ብቁ ነው ከተባለ ድርጅት ብቻ ነው። ለምን እኛ አንሆንም?»

ዙሪያዬን አየሁ። ቀለሙ የተላላጠ ግድግዳ፣ በጨርቅ ጥቅል የተዘጋ የጓሮ በር፣ ገመዱ በፕላስተር የታሰረ ካውያ። እዚህ የሚሰፋ ልብስ የመንግሥት ሆስፒታል ይገባል ብሎ ማሰብ ራሱ አስደነገጠኝ። እኔ መንግሥትን የማውቀው መንገድ ላይ ኢቃማ ሲጠይቀኝ ነው።

«መንግሥት እኛን ሲፈልገን እንጂ እኛ መንግሥትን ስንፈልገው አይቼ አላውቅም» አለችኝ የደሴዋ እህቴ በአማርኛ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። ወረቀት የሌለው ሐበሻ የታፈሰበትን ጊዜ መንፉሐ ሰፈር ውስጥ ያሳለፈች ሴት ናት። በር ሲንኳኳ እስከ ዛሬ እጇ ጨርቁ ላይ ይደርቃል።

አብላ አማርኛ ባያውቁም ፊት ማንበብ ያውቃሉ። «አትፍሩ» አሉን። «የደበቅነው ነገር የለም።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ አብላ በስልካቸው ላይ አጎንብሰው ነው ያሳለፉት። የንግድ ምዝገባው ታደሰ። የዘካና የግብሩ ማረጋገጫ መጣ፣ የሠራተኛ መድኑ መጣ፣ የንግድ ምክር ቤቱ አባልነት መጣ። አንዱ በመጣ ቁጥር «ያላ፣ የሚቀጥለው» ይላሉ፤ ልክ የተማሪ ፈተና እንደሚያርም ሰው። በመጨረሻ አንድ ብቻ ቀረ። ድርጅቱ ሳዑዲ ዜጋ ቀጥሮ እንደሚያሠራ የሚመሰክረው። እኛ ቤት ደግሞ ከባለቤቷ በቀር አንድም ሳዑዲ አልነበረም።

«ሰዎች እንዴት እንደሚያደርጉት አውቃለሁ» አሉ አብላ። «የአንዷን ስም ሠራተኛ ብለው ያስመዘግባሉ፣ እሷ ቤቷ ትቀመጣለች። ዕድሜዬን ሙሉ አትኮርጁ ብዬ አስተምሬ በሽምግልናዬ አልኮርጅም። የምትመጣው ሴት ትሠራለች። የምታስተምሪያትም አንቺ ነሽ።»

«እኔ?» አልኩ። «ሳዑዲ ሴት እኔን ልትሰማ?»

«የምትቀጠረው ለዚያ ነው» አሉና ወደ ስልካቸው ተመለሱ።

እሑድ፣ እዚህ የሥራ ሳምንት በሚጀመርበት ጠዋት፣ አዲሷን ሠራተኛ እየጠበቅን ነበር። እኔ ግራጫ የዩኒፎርም ጨርቅ ዘርግቼ እቆርጣለሁ። ደረጃው ላይ ቀስ ያለ እርምጃ ሰማሁ፤ ከዚያ አንዲት ሴት፣ ትንፋሽ እያጠራት፣ «የስፌት ቤቱ ይሄ ነው?» አለች።

መቀሱ ጨርቁ መሀል ቆመ።

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ለዓመታት ከላይኛው ፎቅ ሲጠራኝ የኖረ ድምፅ ነው፤ በእንቅልፌም ሰምቼው የተነሳሁበት ጊዜ አለ። በሪያድ እንዲህ ያለ ድምፅ ያላት ሴት አንዲት ብቻ አትሆንም ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። አብላ በሩን ከፈቱ። ሴትየዋ ገባች፣ ወንድ አለመኖሩን አይታ ኒቃቧን አነሳች።

ማዳሜ ነበረች።

አርጅታለች። ጉንጮቿ ወርደዋል፣ ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል። እኔ ግን ከዕድሜዋም በላይ ያስደነገጠኝ የራሴ እጅ ነው። መቀሱን አስቀምጬ፣ ጠረጴዛውን ዞሬ፣ እጄን ዘርግቼ ፊቷ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ዐባያዋን ልቀበላት። እሷም ሳታስብ ከትከሻዋ አውልቃ ሰጠችኝ። ሁለታችንም ያደረግነውን ያወቅነው ጨርቁ እጄ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። እሷ አየችኝ። እኔ ዐባያውን ታቅፌ ደርቄ ቀረሁ።

ከዚያ ጠራችኝ። በቤቷ በወጣልኝ ስም።

«ሱብሐን አላህ» አለች፣ ወደ አብላ ዞራ፣ ፊቷ በርቶ። «ይህቺ እኮ የእኔ ናት። እኔ ቤት ነበረች። ልጆቼን ያሳደገችልኝ ናት።»

«ማሻአላህ፣ እንግዲያው ለመግባባት አትቸገሩም» አሉ አብላ ደስ ብሏቸው።

የደሴዋ እህቴ መኪናዋን አቁማ በአማርኛ «ማንን ነው የምትጠራው?» አለችኝ።

«እኔን» አልኳት።

ከደብረ ብርሃን ተነስቼ ሪያድ የገባሁ ቀን የወሰዱኝ ነሲም ሰፈር፣ እሷ ቤት ነው። ትልቅ ቤተሰብ፣ እንግዳ የማይጠፋበት ቤት። ስሜን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። የዐረብ ምላስ የማይደፍረው ፊደል አለበት፤ ሁለት ጊዜ ሞክራ ተወችው። «ኸላስ፣ በቃ» ብላ ከእኔ በፊት የነበረችውን ሠራተኛ ስም ሰጠችኝ። ልጆቹ ለምደውታል፣ ለምን ይቸገራሉ ነው። የማላውቃትን ሴት ስም ለብሼ ስድስት ዓመት ኖርኩ።

ክፉ ነበረች ብዬ መናገር አልችልም። አልመታችኝም። ምግብ አልከለከለችኝም። ሌሎች እህቶች የሚያወሩትን ስሰማ ዕድለኛ ነኝ እል ነበር። ግን ኮንትራቴ ባለቀ ሰሞን እናቴ ታመመች፣ ላያት እንድሄድ ለመንኳት። በዚያን ጊዜ ያለ ከፊል ፈቃድ ከአገር መውጣት አይቻልም ነበር። «ረመዳን ይለፍ፣ ኢንሻአላህ» አለችኝ። እንግዳው ሲበዛ ያለ ሠራተኛ እንዳትቀር ነው።

ወንድሜ የደወለው ከሰዓት በኋላ፣ የኢፍጣር ሳምቡሳ እየሞላሁ ነው። ስልኩን ዘግቼ ማዳሜ ጋ ሄድኩ፤ እናቴ ሞታለች አልኳት። «አላህ ያብርታሽ» አለችኝ። ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት አየች። «እንግዶቹ እየመጡ ነው፣ ሳምቡሳው እንዳይዘገይ።»

ጠበስኩ። ሌላ ምን ላድርግ። ረመዳን ሲያልፍ ልሂድ አላልኩም፤ የምሄድላት ሴት አልነበረችም። ከጊዜ በኋላ የቤቱ ኑሮ ሲቀዘቅዝ ሠራተኛ ቀነሱ፣ እኔንም በአንድ ቢሮ በኩል ለሌላ ከፊል አሳለፉኝ። ስፌት አገሬ ተምሬ ስለነበር አዲስ ከፊሌ አብላ ሆኑ።

ይህን ሁሉ ለአብላ ያን እሑድ መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። የቀረን ምስክር ወረቀት አንድ ነው፣ የተገኘችው ሳዑዲም አንዲት ናት። ማታ ወደ ማደሪያችን ስንመለስ የደሴዋ እህቴ ጠየቀችኝ፣ ለእሷ ብቻ ነገርኳት።

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ማስተማር ነዋ።»

«አላህ ልብ ይስጥሽ እህቴ» አለች።

ልቤ የተመኘውን ልናገር። ሰነፍ እንድትሆን ተመኝቼ ነበር። አርፍዳ እንድትመጣ፣ ሻይ አምጪልኝ እንድትለኝ፣ አብላም አይተው እንዲያሰናብቷት። አልሆነችም። ድሮ ሹፌር ሳይኖር ከበር የማትወጣው ሴት አሁን በአዲሱ ባቡር ተሳፍራ፣ ከጣቢያው በዚያ ፀሐይ በእግሯ መጥታ፣ ከእኛ ቀድማ ትደርስ ጀመር። ባሏ ሞቷል። ቤቱ ለወራሾች ሲባል ተሸጧል። ወንዶቹ ልጆቿ የየራሳቸውን ኑሮ ይዘዋል፤ እሷ ከተፋታች ልጇ ጋር ሁለት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ይህን ሁሉ የነገረችኝ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እያስተማርኳት ነው። ዓይኗ ደክሟል። መነጽሯን ከቦርሳዋ ለማውጣት ታፍራለች፤ ክሩን ምራቋን እያስነካች ደጋግማ ትሞክራለች።

መጀመሪያ የስፌት መኪናውን ፔዳል ስትረግጥ ጨርቁ ከእጇ አምልጦ ሄደ። ደንግጣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እኔ ሳላስበው እጇን ይዤ መለስኩት። «በቀስታ» አልኳት። «እግርሽን እንቁላል ላይ እንዳሳረፍሽ አድርጊ።» ያ እጅ ሞቃት ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ ይዤው አላውቅም ነበር።

የጨነቀኝ ግን ወሬዋ ነው። ስለ ነሲሙ ቤት ስታወራ ፊቷ ይፈካል። ልጆቹ እንዴት ጀርባዬ ላይ ይተኙ እንደነበር፣ በዒድ ምን ያህል ሰው ይመጣ እንደነበር። «ያ ደግ ጊዜ» ትላለች። እኔን የዚያ ደግ ጊዜ ምስክር አድርጋ ነው የምታየኝ። እሰማታለሁ፣ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ጨርቄን እቆርጣለሁ። አንድ ቤት ውስጥ እንዲህ የተለያየ ዘመን መኖር እንደሚቻል አላውቅም ነበር።

የሠራተኛዋ ምስክር ወረቀት መጣ። ከዚያ አንድ ሆስፒታል የአቅራቢዎች ኮሚቴ ልኮ ቤታችንን በዓይኑ ሊያይ፣ የናሙና ልብስ ሊመረምር ቀጠሮ ያዘ። ቀጠሮው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ምሳ ላይ ተቀምጠናል። ወለሉ ላይ ላስቲክ ዘርግተን፣ ሩዙን መሀል አድርገን ነው፤ አብላ ዕቃ ሊገዙ ወጥተዋል። ማዳሜ ለደሴዋ እህቴ ስለ እኔ እያወራች ነበር።

«ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላስከፋኋትም» አለች። «እንደ ልጄ ነበረች። ጠይቂያት።»

የደሴዋ እህቴ አየችኝ። ዝም ማለት እችል ነበር፤ ለወራት ችያለሁ።

«አንድ ቀን አስከፍተሽኛል» አልኩ።

ፈገግ አለች፣ ቀልድ መስሏት። «መቼ?»

«እናቴ የሞተች ቀን።»

ፈገግታዋ ጠፋ። የማንኪያዋን ሩዝ መልሳ አስቀመጠች። «እናትሽ ሞተች እንዴ?» አለችኝ። «መቼ? አልሰማሁም። አላህ ያብርታሽ።»

በሕይወቴ የደነገጥኩባቸው ቀናት አሉ፤ እንደዚያ ቀን የደነገጥኩበትን ግን አላስታውስም። ያንኑ ቃል ነው ያለችኝ። በዚያው ድምፅ። ያ ቀን እሷ ዘንድ አልነበረም። እኔ ከእሱ ጋር ስተኛና ስነሳ ኖሬያለሁ፤ እሷ ዘንድ ጭራሽ አልሆነም።

ነገርኳት። እንዴት እንደለመንኳት፣ ረመዳን ይለፍ እንዳለችኝ፣ ስለ ሳምቡሳው፣ ስለ ግድግዳው ሰዓት። ድምፄን አላነሳሁም። ዐረብኛዬ እየተሰባበረ ነበር ግን ደረሰ።

«የለም» አለች፣ ራሷን እየነቀነቀች። «የለም። ይሄ እኔ ቤት አልሆነም። ከሌላ ቤት ጋር ተምታቶብሽ ነው።»

«እኔ ሌላ ቤት ሠርቼ አላውቅም» አልኳት።

ግድግዳውን ይዛ ተነሳች፣ ዐባያዋን ራሷ ከመስቀያው አወረደች፣ ኒቃቧን አሰረች፣ ወጣች። የደረጃውን እርምጃ እስከ ታች ሰማነው። የደሴዋ እህቴ እጄን ያዘችኝ። «አብሽሪ» አለችኝ፣ አይዞሽ ማለቷ ነው። ሩዙን ማናችንም አልጨረስነውም።

በማግሥቱ አልመጣችም። በሦስተኛው ቀንም። አብላ ደወሉላት፣ አላነሳችም። ከዚያ በሩን ዘግተው ፊቴ ተቀመጡ።

«ምን ሆናችሁ?»

ነገርኳቸው። ስጨርስ ፊታቸውን ማየት ፈራሁ። ያን ሁሉ ልፋታቸውን በአንድ ምሳ ያበላሸሁ መሰለኝ።

«ለምን በመጀመሪያው ቀን አልነገርሽኝም?»

«ምዝገባው እንዳይበላሽብዎ ብዬ ነው አብላ።»

«ይበላሽ ነበራ» አሉ። አፌን ከፍቼ አየኋቸው። ዓይናቸው ቀልቷል። «ከእሷ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬሽ ስሄድ ስመጣ፣ ደስ ብሏቸዋል እያልኩ... ለሆስፒታል ልብስ ብዬ። ሌላ ሴት እንፈልጋለን። ኮሚቴው መጥቶ ካላገኛት አላገኛትም፤ እውነቱን እነግራቸዋለሁ።»

ለእኔ ብሎ እንዲህ ያለ ነገር የሚተው ሰው አለ ብዬ ገምቼ አላውቅም ነበር። «ሻይ ላፍላልዎ?» አልኩ። «አፍይ» አሉኝ።

ኮሚቴው በሚመጣበት ጠዋት ልከፍት ቀድሜ ደረስኩ። ደረጃው ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። አላለፍኳትም። ቁልፉን እንደያዝኩ ከታች ቆምኩ።

«ዋሽተሽ ነው ብዬ ነበር» አለች ማዳሜ፣ ሳታየኝ። «መጀመሪያ ተቆጣሁ። ከዚያ ሌላዋ፣ ትልቋ ልጄ ዘንድ ደወልኩ፣ ያችን ታስታውሻለሽ። እንዲህ ያለ ነገር አለች፣ ውሸቷን ነው አይደል አልኳት።»

ልጅቷን አስታውሳለሁ። ያን ጊዜ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ሕፃን ነበረች።

«እውነት ነው አለችኝ። 'ወጥ ቤት ውስጥ እያለቀሰች ስትጠብስ አይቻት ነበር፤ ለምን ታለቅሳለች ብዬ ስጠይቅሽ ሽንኩርት ነው አልሽኝ' አለችኝ።» የቦርሳዋን ማንጠልጠያ ጠመዘዘች። «'እናቴ፣ ሳምቡሳው እኮ ተሞልቶ አልቆ ነበር፤ ሽንኩርት አልነበረም' አለችኝ። ያን ጊዜ ልጅ ናት። ይህን ሁሉ ዘመን ይዛው ኖራለች። አንድ ቀን አልነገረችኝም።»

ቁልፉ ከእጄ ወደቀ። እኔ ወጥ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን እንደነበርኩ ነው የማውቀው። በሩ ላይ የቆመች ሕፃን አላየሁም። የእኔን ልቅሶ ሌላ ሰው አይቶት፣ ሽንኩርት እንዳልሆነ አውቆት፣ እስከዛሬ እንዳስቀመጠው ስሰማ ደረጃው ላይ፣ ከእሷ ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ሽንኩርት ማለቴ ትዝ ይለኛል» አለች። «ሌላው አይመጣልኝም። ያቺ ቃል ግን ትዝ ትለኛለች።»

ታች መንገዱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ እየሄደ ይጮኻል። መኪናው አልፎ ሄደ።

«ይቅር በይኝ» አለች።

እሺ ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም። እምቢ ለማለትም አልታዘዘልኝም። ቁልፉን አንስቼ «ግቢ፤ ሰዎቹ ይመጣሉ፣ ናሙናው አልተተኮሰም» አልኳት። ተነሳች። በሩን ስከፍት ከኋላዬ ቆማ «ስምሽን ንገሪኝ» አለችኝ። «የራስሽን።» ለወራት ሌሎቹ ሲጠሩኝ እየሰማች ጆሮ ያልሰጠችውን ስም ነገርኳት። ደጋግማ አለችው፤ ያ ፊደል እንደ ድሮው አስቸገራት፣ አልተወችውም።

አብላ መጥተው ሲያዩዋት ወደ እኔ ዞሩ። በዓይናቸው ጠየቁኝ። ትቆይ አልኳቸው፣ በዓይኔ።

ኮሚቴው ሁለት ወንዶችና አንዲት ወጣት ሴት ነበር። የምትመራቸው ሴቲቱ ናት። በሩ ሲንኳኳ የደሴዋ እህቴ እጅ እንደ ልማዱ ደረቀ፤ እኔም ኢቃማዬን ሲጠይቁኝ ካርዷን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ሙያ በሚለው ላይ «ልብስ ሰፊ» ይላል፣ አብላ ጥንት አስለውጠውታል። ሴቲቱ አይታ መለሰችልኝ፣ «አመሰግናለሁ እህቴ» ብላ። መንግሥት አመሰግናለሁ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ወደ ማዳሜ ሄደች።

«አክስቴ፣ ቅር እንዳይልሽ» አለች በአክብሮት። «እውነት እዚህ ትሠሪያለሽ ወይስ ለዛሬ ነው የመጣሽው?»

ማዳሜ ቦርሳዋን ከፈተች፣ መነጽሯን አውጥታ አደረገች፣ ክሩን አስገባች። የናሙናውን ልብስ አንስታ፣ ከኋላ የሚታሰርበትን ማሰሪያ ደግማ ሰፍታ፣ ጫፉን በጥርሷ ሳይሆን በመቀስ ቆርጣ አሳየቻት። እግሯ ፔዳሉ ላይ ቀላል ነበር።

«ማን ነው ያስተማረሽ?»

«እሷ» አለችና በጣቷ አመለከተችኝ። ከዚያ ስሜን ተናገረች። ፊደሉን አላልታ፣ ግማሹን ውጣ፣ ግን ስሜን። ከዚያ ሰው አፍ፣ በዚያ ድምፅ ስሜን ስሰማ እንደ እንግዳ ነገር ጆሮዬ አልቀበል አለ፤ ሌላ ሰው እንደተጠራ ዞር ብዬ ነበር።

በዚያ ቀን አላለፍንም። ስፌቱን ወደዱት። ነገር ግን የጓሮው በር በጨርቅ ጥቅል ተዘግቷል፣ እሳት ቢነሳ ሰው የሚወጣበት የለም፤ የካውያው ገመድም አደገኛ ነው አሉ። አስተካክሉና ደግመን እናያለን ብለው ሄዱ። አብላ በሳቅና በንዴት መሀል ሆነው «ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪዎችን መውጫውን አትዝጉ ስል ኖሬ!» አሉ። ያን ሳምንት አራታችንም ጥቅል ስንሸከም ነበር። ማዳሜ በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው። ስለ ምንም አላወራንም። «ወደ ግራ»፣ «ቀስ»፣ «አሳርፊው» ብቻ።

ሁለተኛ መጥተው አዩን። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ለቀትሩ የዙህር ሶላት በሩን ዘግተን ሳለ የአብላ ስልክ ጮኸ። መነጽራቸውን ገፍተው አነበቡ፣ ደግመው አነበቡ፣ ከዚያ ጮክ ብለው አነበቡልን፦ የበሽተኛ ልብስና አንሶላ አቅራቢ ሆነን ተመዝግበናል። የደሴዋ እህቴ «አልሐምዱሊላህ» ብላ የመኪናዋ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። «እነሱው ናቸው እኮ መንፉሐ ላይ ያባረሩን» እያለች፤ ከደስታም ከሌላም። እኔ አላለቀስኩም። ማመን እምቢ ብሎኝ ስልኩን ከአብላ እጅ ወስጄ ዐረብኛውን ፊደል በፊደል አነበብኩት።

የመጀመሪያው ትእዛዝ ሲመጣ ሰማያዊው ጨርቅ ክፍሉን ሞላው። ማዳሜ አሁንም ከእኛ ጋር ናት። ማዳሜ የምላት እዚህ፣ ስጽፍ ብቻ ነው፤ ፊት ለፊት «ኻላ» እላታለሁ፣ አክስት እንደማለት። ወዳጆች ነን ብዬ አልጽፍም። ይቅር ብያታለሁም ብዬ አልጽፍም፤ ጥያቄዋ አሁንም አልተመለሰም፣ እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም።

በቅርቡ አንድ ከሰዓት የተጨረሱትን ልብሶች እያጠፍን ነበር። እጇ ሳይቆም «እናትሽ ምን ዓይነት ሴት ነበረች?» አለችኝ። «ረጅም ነበረች?»

ልመልስ ስል ቃል አጣሁ። የማውቀው ዐረብኛ የወጥ ቤትና የስፌት ነው። አምጪ፣ ውሰጂ፣ ሙቅ፣ ጨው፣ ቁረጪ፣ ለኪ። ስለ እናቴ በዚያ ቋንቋ አውርቼ አላውቅም ነበር። ረጅም የሚለውን አገኘሁት። ሳቂታ፣ ተጫዋች ማለት ፈለግሁና አልመጣልኝም፤ እንዴት እንደምትስቅ አሳየኋት፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ከልላ፣ ትከሻዋ እየተነቀነቀ። ኻላ ቃሉን ነገረችኝ። ደገምኩት። ከዚያ እኔ ምልክት እየሰጠሁ እሷ ቃል እየሰጠችኝ፣ የሰማያዊው ክምር በመሀላችን እየጨመረ፣ አብላ ያላ ብለው እስኪጠሩን ድረስ ስለ እናቴ አወራኋት።